ውለታና ነፃነት

በሕዝባችን ዘንድ ውለታ ቀላል ነገር አይደለም። በክፉ ቀን እህል ያበደረ፣ በሽምግልና ገብቶ ደም ያደረቀ፣ ከወንዝ ሙላት ልጅ ያወጣ ሰው ስሙ በዚያ ቤት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነሣ ይኖራል። «ብድር በምድር» የሚለው አባባል ሰው የተደረገለትን በሕይወት ሳለ መመለስ እንደሚገባው ያስተምራል። ውለታ ቢስ የተባለ ሰውም ከሌባ ባልተናነሰ ሁኔታ ይናቃል። ይህ ከሥነ ምግባራችን ምሰሶዎች አንዱ ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል።

ነገር ግን ሁለት ሰዎችን የሚያስተሳስረው ይህ ሕግ በሁለት መንግሥታት መካከል ሲገባ ምን መልክ ይይዛል? አንድ ኃያል መንግሥት ጦሩን አዝምቶ ሌላውን አገር ከወራሪ ቢያላቅቅ፣ የተላቀቀው አገር የሚመልሰው ብድር ምንድን ነው? ምስጋና ነውን? ገንዘብ ነውን? መሬት ነውን? ወይስ ያንኑ ያገኘውን ነፃነት ቆርሶ መስጠት ነው? ጥያቄው የፖለቲካ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ ኖረንበታል።

ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ወደ 1933 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ። በዚያው ግንባር ኦርድ ዊንጌት የተባለው የእንግሊዝ መኮንን የሚመራው፣ ከሱዳናውያንና ከኢትዮጵያውያን ወታደሮች የተውጣጣው የጌዴዎን ጦር ዘመተ። በደቡብ በኩል ደግሞ ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ከኒንግሃም ሠራዊት በሶማልያ አድርጎ ገሠገሠና መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን የረገጡት ግን ከወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ከተማዪቱ በጠላት እጅ በወደቀች ልክ በአምስተኛው ዓመት ነው። የጥያቄያችን ፍሬ በዚያች በአንድ ወር ልዩነት ውስጥ ይገኛል። ነፃ አውጪው ከቤቱ ገብቷል፤ ባለቤቱ ግን ገና ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ ይጠብቃል።

የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን በዚያው ዓመት በጥር ወር፣ ነፃ የኢትዮጵያ መንግሥት እንደ ገና ቢቋቋም መንግሥታቸው በደስታ እንደሚቀበለው ለፓርላማቸው ተናግረው ነበር። በሥራ ላይ የዋለው ግን በሰር ፊሊፕ ሚቸል የሚመራው «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» ነው። ስሙ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ የአንድ ነፃ ሕዝብ አገር ጠላት አምስት ዓመት ስለ ረገጠው ብቻ የጠላት ግዛት ተብሎ ተጠራ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት የኢትዮጵያን ነፃነት ካረጋገጠ በኋላ ነፃነቱን በየአንቀጹ ይሸርፈዋል። የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቅድሚያ እንዲኖረው፣ ተጨማሪ የውጭ አገር አማካሪዎች ከእንግሊዝ ጋር ሳይመከር እንዳይቀጠሩ፣ የእንግሊዝ ዳኞች በፍርድ ቤት እንዲቀመጡ፣ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የምድር ባቡር በእንግሊዝ ቁጥጥር ሥር እንዲቆይ፣ ኦጋዴንና በጅቡቲና በእንግሊዝ ሶማሌላንድ ወሰን ያለው ክልልም በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር እንዲሆን ተደረገ። በለውጡ እንግሊዝ ለመጀመሪያው ዓመት 1,500,000፣ ለሁለተኛው ዓመት 1,000,000 ፓውንድ ለመስጠት ተዋዋለች። በገበያው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይመነዘር ነበር። ጠላት ትቶት ከሄደው የፋብሪካ መሣሪያና ተሽከርካሪም ብዙው የጦር ምርኮ ነው ተብሎ ከአገር ተጫነ።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነበር፤ ይኸውም «ነፃ ያወጣንህ እኛ ነን» የሚል ነው። እንግዲህ ነገሩ የውለታ ነው ከተባለ መዝገቡ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መነበብ አለበት። በ1928 ዓ.ም. ወረራው ሊጀመር ሲል እንግሊዝ ለሁለቱም ወገኖች የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ አግዳ ነበር። ኢጣልያ መሣሪያዋን ራሷ ትሠራ ስለ ነበር እገዳው የጎዳው መሣሪያ የሌላትን ኢትዮጵያን ብቻ ነው። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ኢጣልያ ኢትዮጵያን መያዟን በይፋ ተቀበለ። ይህ ውሳኔ የተለወጠው ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. በራሷ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት በሸዋ፣ በጎጃም፣ በጎንደርና በሌላውም አገር በየዱሩ የተዋጉት አርበኞች ረዳት አልነበራቸውም። የጌዴዎን ጦር ጎጃም ሲገባ ያገኘው ጠላት ከየምሽጉ ለመውጣት የሚፈራ ጠላት ነበር። እንዲፈራ ያደረጉትም እነዚሁ አርበኞች ናቸው።

ይህን ማለት የተደረገልንን መካድ አይደለም። በከረን ተራሮችና በሌሎቹ ግንባሮች የወደቁት ሰዎች ደም እውነተኛ ደም ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ? ብዙዎቹ ሕንዶች፣ ሱዳኖች፣ ኬንያውያን፣ ናይጄሪያውያን፣ ያን ጊዜ ጎልድ ኮስት ከምትባለው ከዛሬዪቱ ጋና የመጡ ወታደሮች ነበሩ። እነርሱ ለእኛ ነፃነት ሲዋጉ የገዛ አገራቸው በቅኝ ግዛት ሥር ነበረ። ታዲያ ብድሩ የሚመለሰው ለማን ነው? ለሞተው ወታደር ነው ወይስ ወታደሩን ለላከው፣ አገሩንም ለያዘበት መንግሥት? በእኔ አስተያየት የግራ መጋባታችን መነሻ እዚህ ላይ ነው። ውለታ የሚውለው ሰው ነው፤ መንግሥት የሚያየው ጥቅሙን ነው። ጥቅሙ ከእኛ ጥቅም ጋር በአንድ ጎዳና የሄደ ዕለት ደስ ሊለን ይገባል፤ ይሁን እንጂ ያንን ውለታ ብለን ልንጠራው አይገባም።

ሕዝባችን ይህን ልዩነት አያውቅም ማለት አይቻልም። የዊንጌት ስም በአዲስ አበባ ለትምህርት ቤት ተሰጥቷል። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በጋዜጣዋ አማካይነት በመጀመሪያ የኢጣልያን ወረራ፣ ቀጥሎም የራሷን መንግሥት ፖሊሲ ስትቃወም ኖራ፣ በ1953 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ላይ ስታርፍ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ተቀብራለች። እንግሊዛዊት ነበረች፤ ለእንግሊዝ መንግሥት ግን አልተገዛችም። ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ምስጋናው ስም ነው፣ መታሰቢያ ነው፣ በልጆች አፍ መነሣት ነው። ምስጋና እስከዚህ ይደርሳል። ከዚህ አልፎ የባቡር ሐዲድና የግጦሽ መሬት የጠየቀ ዕለት ምስጋና መሆኑ ይቀርና ግብር ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ለውጭው ባለውለታ ይህን ያህል የተጨነቀው መንግሥት የውስጡን ባለውለታ እንዴት እንደ ያዘ ስናይ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. ሁለተኛው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት ተፈረመ። በወሩ ገደማ፣ በጎጃም ጠላትን አምስት ዓመት እረፍት የነሣው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በዐመፅ ተከሶ በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። ስለ ጥፋቱ መጠን የታሪክ ሰዎች ይከራከሩ፤ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ተረት ግን በዚያ ወር ከሁሉ ይልቅ ለማን እንደሚስማማ ለመናገር ታሪክ ዐዋቂ መሆን አያሻም።

የውለታው ጥያቄ ከአገር ደኅንነት ጥያቄ ጋር የሚገናኘውም በዚሁ በር ነው። በ1935 ዓ.ም. በትግራይ የወያኔ ዐመፅ ተነሣ። መነሻው ግብር፣ የሹማምንት በደልና የመሳፍንቱ ቅሬታ ነበር። መንግሥቱ ገና የጸና ጦር ስላልነበረው የእንግሊዝን እርዳታ ጠየቀ፤ በ1936 ዓ.ም. መባቻም ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌንና አካባቢዋን በቦምብ ደበደቡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኢጣልያ አውሮፕላን በማይጨውና በተንቤን ቦምብና መርዝ ሲያወርድበት የነበረ ሕዝብ አሁን በገዛ መንግሥቱ ጥያቄ ከሰማይ እሳት ወረደበት። ዐመፁ ጠፋ፤ ስሙ ግን አልጠፋም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚያው አገር የተነሣው ሌላ የትጥቅ ትግል ያንኑ ስም አነሣ። እንግዲህ በዚያን ጊዜ የተጠበቀው የማን ደኅንነት ነው? የአገሩ ነው እንዳይባል አገሩ ማለት የተደበደበውም ሕዝብ ነው። አንድ መንግሥት ከዜጎቹ ጋር የሚነጋገርበትን ቃል አጥቶ የባዕድ እሳት የተበደረ ዕለት፣ ድል ቢያደርግ እንኳ ያሸነፈው የራሱን ግማሽ ነው።

የኦጋዴንም ነገር እንደዚሁ ነው። እንግሊዝ በጦርነቱ ጊዜ የያዘቻቸውን የሶማሌ አገሮች ለአስተዳደር እንዲያመቻት በአንድ ወታደራዊ እጅ ሰብስባ ያዘች። በ1938 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኧርነስት ቤቪን እነዚህ አገሮች ተጣምረው በሞግዚትነት እንዲተዳደሩ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሐሳቡ ተቀባይነት ባያገኝም ተስፋውን በብዙ ልብ ውስጥ ተክሎት ሄደ። ኦጋዴን አብዛኛው በ1941 ዓ.ም. መባቻ፣ ሐውድና የቀረው ክልል በ1947 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሱ። ይህ መመለስ በሕግ ትክክል መሆኑን አምናለሁ። ሆኖም አንድ የተዘለለ ነገር አለ፤ ያስረከበውም ሆነ የተረከበው በዚያ ምድር ግመሉን የሚያሰማራውን ሰው አልጠየቀውም። ለእርሱ የተጻፈለት የግጦሽ መብት ነው። በ1956 እና በ1969 ዓ.ም. የተነሡት ጦርነቶች ምክንያታቸው ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን የባዕድ ጦር ለጊዜው ሥራ ማቅለያ ያሰመረው መስመር ነው። ጣልቃ የገባ ጦር ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ መስመሩ ግን ይቀራል።

ከእንግሊዝ እጅ ለመላቀቅ ንጉሠ ነገሥቱ ሌላ ወዳጅ ፈለጉ። በየካቲት 1937 ዓ.ም. በግብፅ ውኃ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ውስጥ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ውል ተፈረመ፤ በአሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያም ለ25 ዓመት ተፈቀደ። በ1969 ዓ.ም. ያ ወዳጅነት ፈረሰ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በሶቪየት መሣሪያ የታጠቀው የሶማልያ ጦር ወሰን ጥሶ ገባ፤ ሶቪየት ኅብረትም ፊቷን ወደ ኢትዮጵያ መልሳ መሣሪያ አጎረፈች፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። ወራሪው በ1970 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ይህ የማይካድ እርዳታ ነው። ነገር ግን ድንበር ለመጠበቅ የመጣው መሣሪያ በብዛት በሰሜን ወንድም በወንድሙ ላይ ተኮሰ። አበዳሪው እጁን በሰበሰበ ጊዜም የተበዳሪው መንግሥት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው ስለ ጌጥ ብቻ አይደለም።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ደካማ አገር ያለ ረዳት እንዴት ይኖራል? በ1933 ዓ.ም. እርዳታው ባይመጣ ኖሮ ስንት ዓመት በባርነት እንቆይ ነበር?» የሚል ነው። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በኩራት ብቻ የሚመለስም አይደለም። የሚሰጥም ሰው ሁልጊዜ የራሱን ያስባል፤ ይህ የዓለም ጠባይ ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ በ1934 ዓ.ም. የተሰጠው ሁሉ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ፣ ያለ ጥይት፣ በብዕርና በትዕግሥት ተመልሷል። ይህ ትንሽ ሥራ አልነበረም። ስለዚህ የምንለው እርዳታን አትቀበሉ አይደለም። የምንለው እርዳታ ብድር ከሆነ እንደ ብድር ይጻፍ ነው፤ መጠኑ ይታወቅ፣ የሚያበቃበት ቀን ይወሰን፣ ሕዝቡም ይወቀው። በውለታ ስም የተሸፈነ ብድር ግን ወለዱ ማለቂያ የለውም፤ ምክንያቱም ውለታን «ከፍያለሁ፣ በቃኝ» ብሎ መዝጋት ነውር ነውና።

ከዚህም በላይ ለደኅንነት የሚደረገው ብድር እየበዛ የሚሄደው በውስጥ የጎደለ ነገር ሲኖር መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ግብሩ የከበደው ገበሬ፣ በደል የሰለቸው አገር፣ ያልተጠየቀው ከብት አርቢ፣ የተረሳው አርበኛ ሁሉም ድንበሩን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። እነርሱ በተቀየሙ ቁጥር ቦታቸው ባዶ ይሆናል፤ ባዶውን ቦታ የሚሞላውም የተበደሩት መሣሪያ ነው። የአገር ደኅንነት ፖሊሲ የሚባለው ነገር ከጦር ሰፈር በፊት ከፍርድ ቤትና ከግብር ሰብሳቢው ደጃፍ ሊጀምር ይገባዋል የምንለው ስለዚህ ነው።

የረጂውም ግዴታ ቢሆን ግልጽ ነው። ልጅን ከወንዝ ሙላት ያወጣ ሰው ልጁን ለእናቱ ያስረክባል እንጂ «ያወጣሁት እኔ ነኝና የእኔ ነው» አይልም። ቢል ያን ጊዜ አዳኝነቱ ቀርቶ ሌላ ስም ይሰጠዋል። እናቲቱም በበኩሏ ሰውየውን ዕድሜ ልኳን ታመሰግነዋለች፤ በልጇ ላይ ግን አታዝዘውም። ሕዝባችን በመንደሩ ይህን ሕግ ሳይጻፍለት ያውቀዋል። መንግሥታት ሲዋዋሉም ከዚህ የተለየ የጽድቅ መንገድ ይኖራቸዋል ብዬ አላምንም።