ገበናና በደል

ሰው የቤቱን ታሪክ መድረክ ላይ ቢያወጣ ወላጆቹን አከበረ ወይስ አዋረደ? ይህ ጥያቄ ብዙ ዘመን አሳስቦኛል፤ የሚያሳስበኝም በራሴ ጥፋት ነው።

በአዴት አካባቢ ሳስተምር አንዲት ተማሪ ያለ ዕድሜዋ ስለምትዳር ልጅ አጭር ቲያትር ጽፋ በወላጆች ቀን አሳየች። የእናቲቱን አነጋገርና አረማመድ ከገዛ እናቷ ወስዳው ነበርና ተመልካቹ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እናቷ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ልጂቱ እውነት ተናግራለች፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ሳቅ ልማዱን ሳይነካ በአንዲት ድኻ ሴት ላይ ወረደ። ጽሑፉን አስቀድሜ አይቼ ሳላርመው የቀረሁ እኔ ነኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የሎሬን ሃንስቤሪን ታሪክ ሳነብ ስሕተታችን ገባኝ። ይህች ጥቁር አሜሪካዊት ጸሐፊት፣ የጥንት ኢትዮጵያንና የአፍሪካን ታሪክ ሲያስተምር ኖሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት የተቀበለው የሊቁ የዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ የወንድም ልጅ ናት። አባቷ በ1937 በቺካጎ ከተማ ነጮች በሚኖሩበት ሰፈር ቤት ገዛ። ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን ከበቡት፤ በመስኮት የተወረወረ ድንጋይም ሕፃኗን ሎሬንን ለጥቂት ሳታት። እናቷ ሌሊቱን ሽጉጥ ይዛ ልጆቿን ትጠብቅ ነበር። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 አባቷ ረታ።

ሎሬን ይህን መከራ «ኤ ሬይዚን ኢን ዘ ሰን» በተባለው ቲያትሯ በ1959 ኒውዮርክ ላይ አሳየች። ቤቷን ግን እንዳለ አልገለበጠችም፤ የባለጸጋ አባቷን ታሪክ ለአንድ ድኻ ቤተ ሰብ ሰጠች። እናቲቱን ክብር አለበሰቻት። ተመልካች በተማሪዪቱ በቤኒታ ትዕቢት ቢስቅ የሚስቀው በራሷ በሎሬን ነው፤ ቤኒታን ከራሷ እንደ ቀዳች ተናግራለችና።

ይህችው ሎሬን ሴቶችን የምታፈቅር ሴት ነበረች። በ1957 እንደ እርሷ ላሉ ሴቶች ትታተም ለነበረች መጽሔት ስትጽፍ በስሟ መነሻ ፊደላት ብቻ ፈረመች፤ በ1965 በ34 ዓመቷ እስክትሞት ድረስም ነገሩን አደባባይ አላወጣችውም። «የቤተ ሰቧን ገልጣ የራሷን ለምን ሸሸገች?» የሚል ይኖራል። እኔ አልፈርድባትም። የተወረወረው ድንጋይ በደል ነው፤ በደል ሲሸፈን ይበረታል። ፍቅሯ ግን ማንንም አልበደለም፤ የራሷ ገበና ነበር። ገበናን መግለጥም መሸፈንም የባለቤቱ ፈንታ ነው። እንድትሸሽገው ያስገደዳት ፍርሃት ግን እርሱ ራሱ በደል ነበር።

ልጆቼ ሆይ፤ ስለ ቤታችሁ ልትጽፉ ብትነሡ አስቀድማችሁ መርምሩ። የምትገልጡት በደል ነው ወይስ ገበና? ሳቁስ የሚወርደው በበዳዩ ላይ ነው ወይስ በተበዳዩ?

ነጠላዋን ተከናንባ የወጣችው እናት እርሷም በልጅነቷ ሳትጠየቅ የተዳረች ነበረች። ይህን የሰማሁት ከቲያትሩ በኋላ ነው፤ በቲያትሩ ውስጥ ግን አልነበረም።