የልጅነት መንፈስ



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 8፥ የተቀበልነው የባርነት ሳይሆን የልጅነት መንፈስ እንደ ሆነና በእርሱም እግዚአብሔርን አባት ብለን እንደምንጠራው ያስተምረናል። እንግዲህ ሁላችንም በጸጋ ወደ አባታችን ቤት የገባን የማደጎ ልጆች ነን። ይህን ምሥጢር በአንድ የአገራችን ልጅ ሕይወት እናስተንትነው።

ሰዒድ ቪሲን በኢትዮጵያ ተወልዶ፥ ገና በልጅነቱ አንድ የኢጣልያ ቤተሰብ በማደጎ ወሰደው። ያደገው በደቡብ ኢጣልያ፥ በኖቼራ ኢንፌሪዮሬ ከተማ ነው። የእግር ኳስ ተሰጥኦው ወደ ሚላን የወጣቶች ቡድን አደረሰው፤ በዚያም በኋላ ዝነኛ ከሆነው ግብ ጠባቂ ከዶናሩማ ጋር በአንድ ማደሪያ ኖረ። ቀጥሎ በቤኔቬንቶ ወጣቶች ቡድን ተጫወተ፤ ከዚያም ወደ ቤተሰቡና ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በ20 ዓመቱ፥ ሕይወቱ በገዛ እጁ አለፈ።

ከሞቱ በኋላ፥ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት የጻፈው ደብዳቤ ታተመ። በሕፃንነቱ ሁሉም በደስታ ይቀበለው እንደ ነበር፥ ካደገ በኋላ ግን ሰዎች ቆዳውን እያዩ በጥርጣሬ ይመለከቱት እንደ ጀመር ይገልጻል። በሥራ ቦታው በእርሱ መስተናገድን የጠሉ እንደ ነበሩም ይናገራል። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ ስደተኛ መስሎ እንዳይታይ በመፍራት በስደተኞች ላይ እስከ መቀለድ መድረሱን መጻፉ ነው። አባቱ ግን የልጃቸው ሞት ከዘረኝነት ጋር እንዳይያያዝ ተናግረዋል። እኛም ቃላቸውን እናከብራለን፤ የሞቱን ምክንያት አንመረምርም። ደብዳቤው ግን ለሕያዋን የቀረበ ጥያቄ ነውና ልንሰማው ይገባል።

ይህ የሌሎች ኃጢአት ብቻ ነውን? ፒያሳ ስሟ እንኳ ኢጣልያዊ ነው፤ በአራዳ አርመኑ፥ ግሪኩ፥ ሕንዱና ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ወገናችን ጎን ለጎን ኖረዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብም በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚሁ በአራዳ ነው። ሆኖም በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡት የቡድናችን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ፥ ከኢጣልያዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት በመወለዳቸው በልጅነታቸው “ክልስ” እየተባሉ ተንቀዋል። ዋንጫ ያነሣውን ሁሉም ልጄ ይለዋል፤ ዋንጫ ያላነሣውንስ ማን ልጄ ይለዋል? ከገጠር መጥቶ ጫማ የሚጠርገውን ልጅ፥ ከዐረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰችውን እኅት፥ አነጋገሩ ከእኛ የተለየውን ጎረቤት በምን ዓይን እናያቸዋለን? ሰው ፊትን እንደሚያይ፥ እግዚአብሔር ግን ልብን እንደሚያይ ነቢዩ ሳሙኤል በእሴይ ቤት ተምሮአል። የንቀት ዓይን በሥጋ ላይ ቁስል አይተውም፤ ነፍስን ግን ያቆስላል።

ካቴኪስቶች ሆይ፤ እንዲህ ያለ ሞት በሰበካችሁ ሲደርስ በሟች ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ እኛ ልናጠፋው አልተፈቀደልንም። ነገር ግን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2282 እና 2283፥ ከባድ የአእምሮ ሕመም፥ ጭንቀት ወይም ፍርሃት የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንስ እንደሚችል፥ ስለ እነዚህም ሰዎች ድኅነት ተስፋ መቍረጥ እንደማይገባ ያስተምራል። የ1917 እ.ኤ.አ. የቀኖና ሕግ አስቦና አውቆ ራሱን ለገደለ ሰው የቤተ ክርስቲያን ቀብርን ይከለክል ነበር፤ የ1983ቱ ሕግ ግን ይህን ክልከላ አላካተተም። ቤተ ክርስቲያን ትጸልይላቸዋለች፤ እኛም ሐዘንተኛውን ቤተሰብ በሐሜት አናቍስለው።

ከሁሉ በፊት ግን በሕይወት ያሉትን እንፈልግ። ከማኅበር የራቀውን፥ ጨዋታ የተወውን፥ ዝምታ ያበዛውን ወጣት ቀርበን “ምን ሆንህ?” እንበለው፤ ሳንገሥጽ እናድምጠው፤ ወደ ካህንም ወደ ሐኪምም አብረነው እንሂድ። በአልዓዛር መቃብር ያለቀሰው ጌታ የሰዒድን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ ለእኛም እርስ በርሳችን እንደ አንድ አባት ልጆች የምንተያይበትን ዓይን ይስጠን። አሜን።