«እኔ አጥንቼ ነው የምወራረደው»



ለንደን የሚኖር አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልን፦ «ቁማር ሐራም መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን በጭፍን አልወራረድም። የእያንዳንዱን ፈረስ ወቅታዊ አቋም አጥንቼ ነው። በዕውቀት የሚሠራ ነገር እንዴት ቁማር ይባላል?»

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። አገር ቤት በእግር ኳስ ቲኬት የሚቆርጠው ወንድማችንም «ቡድኖቹን አጥንቼ ነው» ይላል። ስለዚህ በቁም ነገር እንየው።

መጀመሪያ እውነቱን እንመስክር፤ ጥናቱ እውነተኛ ጥናት ነው። በእንግሊዝ የውድድር ዝርዝር ላይ ከፈረሱ ስም አጠገብ ቁጥሮች ይደረደራሉ። በስተቀኝ መጨረሻ ያለው የቅርቡ ውጤት ነው። 1 ማለት አሸንፏል፣ 0 ማለት ከዘጠነኛ በኋላ ገብቷል ማለት ነው። ጠንቃቃ ሰው በቁጥሩ ብቻ አይረካም። ሜዳው ጭቃ ነበር ወይስ ደረቅ? ርቀቱ ስንት ነበር? ምን ያህል ክብደት ተሸክሞ ሮጠ? ከእነማን ጋር? ብሎ ይመረምራል።

ግን ወንድሜ፣ አንተ የምታየውን አወራራጁም ያያል። የፈረሱ አቋም ጥሩ ከሆነ የሚከፈልህን አስቀድሞ ይቀንሰዋል። በብዙ ውድድሮችም ጥሩ አቋም ያሳየ ፈረስ፣ ከሌሎቹ ጋር እንዲመጣጠን ተብሎ ተጨማሪ ክብደት ይጫንበታል። እኩል ዕድል ያላቸው ሁለት ፈረሶች አሉ እንበል። በአንዱ ላይ 100 ያስያዘ ሰው ቢያሸንፍ 200 ሊያገኝ ይገባ ነበር፤ አወራራጁ ግን 190 ይከፍላል። በሁለቱም ላይ እኩል ገንዘብ ከተያዘ፣ የትኛውም ፈረስ ቢቀድም እሱ አይከስርም።

«እኔ ግን ከእሱም እበልጣለሁ» ብትልስ? እንበልና በለጥክ። ዋናው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው፤ ያሸነፍከው ገንዘብ የማን ነው? ነጋዴም ገምቶ ይገዛል፣ ሊከስርም ይችላል። ነገር ግን ደንበኛው ገንዘቡን ሰጥቶ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። በውርርድ የተሸነፈው ሰው ግን ምን ይዞ ይሄዳል? የተቃጠለ ቲኬት! ምናልባት የቤት ኪራዩን፣ ምናልባት የልጆቹን ወተት ነው ያስያዘው። ቁማርን ቁማር የሚያደርገው የተወራራጁ አለማወቅ አይደለም፤ ያለ አንዳች ልዋጭ የአንዱ ማግኘት በሌላው ማጣት ላይ መቆሙ ነው። ዕውቀትህ ይህን አይለውጠውም። እንዲያውም ዕውቀትህ በጨመረ ቁጥር የማያውቀውን ወንድምህን ገንዘብ ይበልጥ ትበላለህ።

አንዳንዱ ደግሞ «ካሸነፍኩ ሰደቃ እሰጣለሁ» ይላል። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች በግመል ሥጋ ላይ በቀስት ዕጣ ይቆምሩ ነበር፤ ያሸነፉትንም ለድሆች ማከፋፈልን እንደ ክብር ይቆጥሩት ነበር። አላህ በሱረቱል በቀራ 219ኛው አንቀጽ ላይ በመጠጥና በቁማር ውስጥ ለሰዎች ጥቅሞች መኖራቸውን አልካደም፤ ኃጢአታቸው ግን ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ነገረን። በሱረቱል ማኢዳ 90 እና 91 ደግሞ ራቁት ብሎ ዘጋው፤ ጠላትነትንና ጥላቻን እንደሚጥል፣ ከዚክርና ከሶላት እንደሚያግድም አስረዳ።

ታዲያ ኢስላም የፈረስ ውድድርን ይጠላል? በፍጹም! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ፈረሶችን አወዳድረዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ በምግብና በልምምድ ሰውነታቸው የጠነከረው ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሰኒየቱል ወዳዕ፣ አምስት ወይም ስድስት ማይል ያህል ሮጡ። ያልተዘጋጁት ደግሞ ከሰኒየቱል ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ፣ አንድ ማይል ያህል ብቻ። ኢብኑ ዑመርም ከጋላቢዎቹ አንዱ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ ውጭ የሆነ አካል ለአሸናፊው ሽልማት ቢሰጥም እንደሚፈቀድ ዑለማዎች አስተምረዋል።

እስቲ ልብ በሉ! እዚያም የፈረሱ አቋም ታይቷል። የታየው ግን ደካማው ከአቅሙ በላይ እንዳይሮጥ፣ ለእንስሳው እንዲታዘንና ውድድሩ ፍትሐዊ እንዲሆን ነው። ዕውቀቱ ያው ነው፤ አንዱ ጋ ለፍትሕ ዋለ፣ ሌላው ጋ የሰው ኪስ ለማውለቅ። ቂያማ ቀን ስለ ዕውቀታችን የምንጠየቀው «ዐወቅክ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ባወቅከው ምን ሠራህበት?» ተብለን ነው።

ወንድሜ፣ ቁጥር አንብቦ፣ አመዛዝኖ፣ ታግሶ የሚያጠና ጭንቅላት አላህ ሰጥቶሃል። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው። ለሐላል ሥራ፣ ለትምህርት፣ ለንግድ አውለው። ዛሬ ከጁሙዓ በፊት አፑን ከስልክህ አጥፋው፣ ተውበት አድርግ። የጓደኛህ ቲኬት ሲቃጠል የምትስቁም አትሳቁበት፤ እጁን ይዛችሁ ወደ መስጂድ ውሰዱት።

አላህ ሆይ! በሐላልህ ከሐራምህ አብቃቃን፤ ዕውቀታችንን ጠቃሚ አድርግልን። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛትንና ሱረቱል ከህፍን አትርሱ።

ጁሙዓ ሙባረክ!