እርሾው ሞቶ ሥራው ሲቀጥል

ኤድዋርድ ቡክነር የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት እርሾውን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ ፈጨው። የእርሾ ሕዋስ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር ስለሆነ በሙቀጫ ብቻ አይሰበርም፤ የኳርትዝ አሸዋ ግን ግድግዳውን ይቀደዋል። ልቁጡን በጨርቅ ጠቅልሎ በከባድ መጭመቂያ ሲጨምቀው ጭማቂ ወጣ። ለሕክምና ምርምር የታሰበ ስለነበር እንዳይበላሽ ብዙ ስኳር ተጨመረበት። ጭማቂው ግን አረፋ ይደፍቅ ጀመር። ሕያው እርሾ በሌለበት ስኳሩ ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተለወጠ ነበር። ቡክነር ይህን ያሳተመው በ1897 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በ1907 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ያ አረፋ የዘመኑን ሊቃውንት ያስጨነቀው በምክንያት ነው። ሉዊ ፓስተር መፍላት ያለ ሕያው ፍጥረት እንደማይሆን በብዙ ሙከራ አሳይቶ ነበር፤ ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ ደግሞ ነገሩ ተራ የኬሚስትሪ ለውጥ ነው ብሎ ሲሟገተው ኖሯል። ከክርክሩ ጀርባ የቆመው ጥያቄ የፍልስፍናና የሃይማኖት ነው። ሕይወት ያለውን ነገር የሚያንቀሳቅሰው ከቁስ የተለየ ኃይል ነው ወይስ ያው ቁስ ራሱ?

ጥያቄው ቀደም ብሎም ተፈትኗል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ብዙ ኬሚስቶች እንደ ስኳር፣ እንደ ቅባትና እንደ ዩሪያ ያሉት ውሁዶች በሕያዋን አካል ውስጥ ብቻ፣ «በሕይወት ኃይል» እንደሚሠሩ ያምኑ ነበር። በ1828 ፍሪድሪሽ ቮለር በርሊን ውስጥ ከማዕድን ወገን ይቆጠሩ ከነበሩ ጨዎች ዩሪያ ሠራ፤ ለመምህሩ ለበርሴሊየስም የሰውም ሆነ የውሻ ኩላሊት ሳያስፈልገው ዩሪያ መሥራቱን ጻፈለት። ዛሬ በጆንያ ተጭኖ የሚመጣውና የኢትዮጵያ ገበሬ በጤፍና በስንዴ ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ያው ውሁድ ነው። ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅንና ናይትሮጅን እንጂ ሌላ የለበትም። ከሽንት የተገኘውና ከፋብሪካ የወጣው ሞለኪውል በምንም አይለይም።

ታዲያ በቡክነር ጭማቂ ውስጥ ይሠራ የነበረው ምንድን ነው? ኢንዛይም ነው። ይህን ለመረዳት ጠላ ከሚጠመቅበት ቤት የተሻለ ቦታ የለም። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ጠፍፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ጎንቆል ሲያወጣ፣ በፍሬው ውስጥ ያለው ሽል በዙሪያው ላለው ሽፋን የኬሚካል መልእክት ይልካል። ሽፋኑም አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ሠርቶ ወደ ስታርቹ ይለቃል። ስታርች የግሉኮስ ሞለኪውሎች እየተያያዙ የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ አሚሌዝ ያንን ሰንሰለት ይቆራርጠዋል። ብቅል ሲያኝኩት የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። በ1833 ፓየንና ፔርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከገብስ ብቅል ለይተው ያወጡት ይህንኑ ነው። ብቅሉ በፀሐይ መድረቁ አሚሌዙን አይጎዳውም። እንደ አሻሮ ቢቆላ ግን ይበላሻል፤ ኢንዛይሙ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀቱ የተጣጠፈበትን ቅርፅ ይፈታዋል፤ ቅርፁ ከጠፋ ሥራውም ይጠፋል።

ቅርፁ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ኢንዛይም ሥራውን የሚሠራው በመያዝ ስለሆነ ነው። ኤሚል ፊሸር በ1894 ነገሩን በቁልፍና በቁልፍ ቀዳዳ መስሎት ነበር። ዳንኤል ኮሽላንድ ደግሞ በ1958 ኢንዛይሙ ግትር እንዳልሆነ፣ የሚሠራበትን ሞለኪውል ሲይዝ ራሱም እንደሚለወጥ አስረዳ። በዚያ አያያዝ ውስጥ ሞለኪውሉ ለመለወጥ ይመቸዋል። የተቆለለ ማገዶ ዓመቱን ሙሉ በኦክስጅን ተከቦ ሲቀመጥ የማይነደው ለመነሻ የሚሆን ሙቀት ስለሚያስፈልገው ነው። በሰውነት ውስጥ ያ ሁሉ ሙቀት ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ኢንዛይሙ ለመነሻ የሚያስፈልገውን ጉልበት ዝቅ ያደርገዋል። የዘረመል ፊደላት ከሚሠሩባቸው ደረጃዎች አንዱ ኢንዛይም ሳይኖር በውኃ ውስጥ ቢተው፣ ግማሹ ለመለወጥ 78 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ኢንዛይሙ ሲኖር ግን ሰከንድ አይሞላም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኢንዛይም ጉልበት አይጨምርም፤ በተፈጥሮ ሕግ የማይሆነውንም እንዲሆን አያደርግም። የሚሆነውን ያፋጥናል። «የሕይወት ኃይል» ይፈልጉ የነበሩት ሰዎች በሕዋሱ ውስጥ አንድ ብርቱ ገፊ ጠብቀው ነበር፤ የተገኘው ግን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት በልክ ተጣጥፎ ነው።

ይህ የአማኝን መሠረት ይነቅላል? የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰውን ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋና ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ የተፈጠረ ይለዋል። ሥጋው መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት ነው፤ ነፍሱ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት። ሥጋ ከዓለሙ ቁስ መሆኑን ሲማር ያደገ ሰው በቮለር ዩሪያ የሚደነግጥበት ምክንያት የለውም። ከባዱ ጥያቄ ያለው «ሕያዊት» ላይ ነው። ነፍስ ለሥጋ ሕይወት ትሰጣለች ሲባል ስኳር የምታፈላው፣ ስታርች የምትቆርጠው እርሷ ናት ብሎ የተረዳ ሰው ቢኖር የቡክነር ጭማቂ ያሳፍረዋል። በኬሚስትሪ ያልታወቀ ቦታ ሁሉ ላይ ነፍስን ማስቀመጥ፣ አዲስ ነገር በተገኘ ቁጥር ነፍስን ቦታ ማስለቀቅ ነው። ትምህርቱ ግን ይህን አላለም፤ ነፍስን ከሥጋ ባሕርያት ጋር አልደባለቃትም።

በሌላ በኩል ቆመው ሕይወት ኢንዛይም ብቻ ነው የሚሉትም ተቻኩለዋል። ጀምስ ሰምነር በ1926 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዩሪያን የሚያፈርሰውን ዩሬዝ የተባለ ኢንዛይም ከባቄላ ዓይነት ፍሬ አውጥቶ ክሪስታል አደረገው። ኢንዛይም እንደ ጨው ጠጥሮ በጠርሙስ ሊቀመጥ፣ ተመልሶም ውኃ ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል ታየ። ያ ጠርሙስ ሕያው ነው የሚል ግን የለም። የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥም ኢንዛይም ይጨመራል። የታረደ በሬ ሥጋ ሲያድር የሚለሰልሰው በጡንቻው ውስጥ የቀሩት ኢንዛይሞች ከእርዱ በኋላም ፕሮቲኑን ስለሚቆራርጡት ነው። ሰው ሲሞትም ብዙዎቹ ወዲያው አያቆሙም፤ የሚሠሩት ግን ያለ ተቆጣጣሪ ስለሆነ የያዛቸውን ሕዋስ መልሰው ያፈርሱታል። ኢንዛይሙ ሳይጠፋ ሕይወት ከሄደ፣ ኢንዛይምን ማወቅ ሕይወትን ማወቅ ነው ማለት አይቻልም። የጠፋው ሺዎቹን ሥራዎች በአንድነት ይዞ፣ ይህን ጀምር ያንን አቁም የሚለው ሥርዓት ነው።

ይህ ልዩነት በሆስፒታልም ይታያል። በ1968 የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ኮሚቴ ልቡ እየመታ አንጎሉ ፈጽሞ ሥራ ያቆመን ሰው ሞቷል ለማለት የሚያስችል መስፈርት አቀረበ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች እንዲህ ካለ ሰው የተወሰደ ኩላሊት በሌላ ሰው አካል ውስጥ ለዓመታት ይሠራል። የኩላሊቱ ኢንዛይሞች ከነሥራቸው ቀጥለዋል። የሟቹ ቤተሰብ ግን በሆስፒታል ኮሪደር ቆሞ ፍቀዱ ሲባል የሚያስጨንቀው ነፍስ ወጥታለች ወይስ አልወጣችም የሚለው ነው። ስልክ አንሥቶ የንስሐ አባቱን ሲጠይቅ፣ የሚመልስለት ካህን ስለ ነፍስ የተማረውን ያህል ስለ ሕዋስም ሰምቶ ቢሆን ያ ቤተሰብ ይጠቀማል።