ጠበሉም መድኃኒቱም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በስደት በምንኖርባት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ107,000 የሚበልጡ ሰዎች መጠኑ ባለፈ ዕፅ ሞተዋል፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 80,000 ገደማ ዝቅ ብሏል። ከእነዚህ መካከል የእኛ ልጆች እንደሌሉ አድርገን ስንናገር ኖረናል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ድንገተኛ ሕመም ነው» ሲባል የምናቀረቅረው ግን ስለ ምን ነው?

ሱስ ኃጢአት ነው ወይስ ደዌ? ኃጢአት ከሆነ መንግሥት ስለ ምን ገንዘብ ያወጣበታል? ደዌ ከሆነስ የንስሐ አባት ምን ይሠራል?

የዚህ አገር ሕግ ራሱ በሁለቱ መካከል ሲዋልል ኖሯል። ሜታዶን የሄሮይንንና የመሰሎቹን ዕፆች ጥማት የሚያስታግሥ መድኃኒት ነው። ታካሚው ግን በየማለዳው ወደ ተፈቀደለት ክሊኒክ እየሄደ ነርስ ፊት እንዲጠጣ የሚያስገድደው ሥርዓት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጸንቶ ቆይቷል። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዲህ አይታዘዝም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ታክሲ የሚያስነሣው ወንድማችን ይህን ከእንጀራው ጋር እንዴት ያስማማዋል? በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ የተረጋጉ ታካሚዎች እስከ 28 ቀን የሚበቃቸውን ወደ ቤት እንዲወስዱ ተፈቀደ፤ የ2024ቱም ደንብ ይህን አጸናው። ቡፕረኖርፊን የተባለውን መድኃኒት ለማዘዝ ሐኪም ልዩ ፈቃድ እንዲይዝ የሚያስገድደው ሕግ ደግሞ በ2022 መጨረሻ ተሽሯል። መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን በእንግሊዝና በካናዳ ሜታዶን ከሰፈር ፋርማሲ ይሰጣል፤ እዚህም እንዲሁ እንዲሆን፣ ከወኅኒ የሚወጣ ሰው ሕክምናው እንዳይቋረጥበት፣ በአማርኛ የሚያስረዳ አስተርጓሚም እንዳይጠፋ መንግሥትን ልንጠይቅ ይገባናል። ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ለአንድ ሌሊት ብቻ አላሳደረውም፤ ሁለት ዲናር ከፍሎ፣ ከዚያ በላይ የወጣውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገብቶ ሄደ። አንድ ሳምንት አስተኝቶ የሚያሰናብት ሕክምና ከዚህ ያነሰ ነው።

ይሁን እንጂ መንግሥት በሩን ቢከፍት እንኳ እኛ የዘጋነው ሌላ በር አለ። «መድኃኒቱ ያው ሱስ ነው፤ ጣለውና ተጠመቅ» የምንል ብዙዎች ነን። የምንለው ከፍቅር ነው፤ ሰው ይገድላል እንጂ። እነዚህ መድኃኒቶች በሚወስዷቸው ዘንድ ሞትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ የታወቀ ነው፤ እጅግ አደገኛው ጊዜም ታካሚው ካቆመ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ሰውነቱ የለመደውን መጠን ረስቷልና፣ አንድ ቀን ቢሰናከል ቀድሞ የሚችለው ዕፅ ይገድለዋል።

ይህ ክርክር ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አይደለም። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ አስተምረዋል። በዚያ ዘመን በሲኖዶስ ጉዳይ ተለያይተን የነበርንም ብንሆን በዚህ ልክ ነበሩ። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያዘናል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሰክሮ የወደቀ ሰው እግሩ ቢሰበር ስካሩ ኃጢአት ነው፤ አጥንቱ ግን ተሰብሯል። ወጌሻ ከመጥራታችን በፊት ቀኖና አንሰጠውም። ሱስ ከዚህ የሚከፋው የሚሰብረው ፈቃድን በመሆኑ ነው። ንስሐ ደግሞ ፈቃድን ይሻል። እንግዲህ መድኃኒቱ ንስሐን የሚተካ ሳይሆን ንስሐው የሰውየው የራሱ እንዲሆን መንገድ የሚጠርግ ነው ብለን እናምናለን። «ደዌ ነው ካልነው ሰበብ ያገኛል» የሚሉን አሉ፤ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የስኳር በሽተኛም ሕመምተኛ ስለሆነ ከምግቡ አይጠነቀቅም አንልም።

ናሎክሶን የተባለው፣ በዕፅ ብዛት እስትንፋሱ የተቋረጠውን ሰው የሚመልስ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። በአዳራሻችን የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ውስጥ ፋሻና አልኮል አለ፤ እርሱ ግን የለም። እንዲገዛ ለሰበካ ጉባኤው አሳስበን ነበር፤ «ስማችንን ያጠፋል» ተብሎ ቀረ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንደገና እናቀርበዋለን።