ግፍ በሕግ በር ሲገባ

ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ የሚወርደው አውራ ጎዳና መሠረቱ የተጣለው በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ስለዚህ መንገድ ሲወሳ፣ «ጠላትም ቢሆን መንገድ ሠርቶልናል» የሚል አነጋገር አልፎ አልፎ ይሰማል። አነጋገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አዝሏል። ለመሆኑ ክፉ ሥርዓት ትቶት የሄደው ጠቃሚ ነገር የሥርዓቱን ክፋት ያቀልለዋልን? ለዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ሥርዓቱ ከየት እንደ መጣ መመርመር ይገባል።

ፋሺዝም ሲነሣ በዓይነ ኅሊና የሚታየው የታንክና የጥቁር ሸሚዝ ሰልፍ ነው። ይሁንና ጣሊያን ፓርላማ፣ ምርጫና ልዩ ልዩ ፓርቲዎች የነበሯት አገር ነበረች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 በተደረገው ምርጫ ፋሺስቶች ከ535 መቀመጫዎች ያገኙት 35 ያህል ብቻ ነው። በገጠር ግን ጓዶቻቸው የገበሬና የሠራተኛ ማኅበራትን በዱላና በእሳት ያጠፉ ነበር። በኦክቶበር 1922 ወደ ሮማ ሲያመሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሉዊጂ ፋክታ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አዘጋጅተው አቀረቡ፤ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ ግን አልፈርምም ብለው ሙሶሊኒን መንግሥት እንዲመሠርት ጠሩት። ፓርላማውም በ306 ድምፅ በ116 ተቃውሞ እምነቱን ሰጠው። በ1923 የወጣው የምርጫ ሕግ ደግሞ ቢያንስ ሩብ ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ለወጣ ወገን የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ አስረከበ። የምርጫውን ግፍ በምክር ቤቱ ፊት ያጋለጠው ሶሻሊስቱ ጃኮሞ ማቴዮቲ በ1924 ከንግግሩ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተገደለ። በ1926 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሁሉ ታገዱ።

ከእነዚህ እርምጃዎች እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ማመካኛ አያጣም፤ ጸጥታን ማስከበር፣ የእርስ በርስ ጦርነትን ማስቀረት፣ «ሥልጣን ሲይዝ ይለዝባል» የሚል ተስፋ። ፊርማው፣ ድምፁና ዝምታው ሲደመሩ ግን አንድ ሥርዓት ሆኑ። ሕግን የተከተለ ሁሉ ከኃላፊነት ነጻ ነው የሚለው አስተሳሰብ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ሕግ የሥራውን መንገድ ያሳያል እንጂ ሥራው ደግ መሆኑን አያረጋግጥም።

ከዚህም የጠለቀ ሥር አለ። በ1888 ዓ.ም በዐድዋ ድል የተመታውን ጦር የላከው ፋሺስት ሳይሆን የፓርላማ መንግሥት ነበር። ለራሱ ዜጋ ነጻነትን እያወጀ ለሌላው ሕዝብ ባርነትን የደገሰ ሥርዓት፣ «ሰው ሁሉ እኩል አይደለም» የሚለውን ሐሳብ ከቤቱ አስቀምጦት ኖሯል። ፋሺዝም ያንን ሐሳብ አልፈጠረውም፤ አሰፋው እንጂ። በቅኝ ግዛት የተለመደው ጅራፍ ውሎ አድሮ በሮማ ምክር ቤት አባል ላይ ተነሣ።

ጅራፉ ተመልሶ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የባሰ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረው ጭፍጨፋ ለሦስት ቀናት ዘለቀ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ ደጋ ዘረት በተባለው ስፍራ፣ ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ወገን የሆኑ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና ቁስለኞች በተጠለሉበት ዋሻ ላይ የመርዝ ጋዝ ተለቀቀ፤ እጃቸውን የሰጡት ወንዶችም ተረሸኑ። ወራሪው አገሪቱን በጎሣ ሸንሽኖ፣ እስላሙን ከክርስቲያኑ ሊያጣላ ሞከረ። ይህ መርዝ ከጋዙ ባልተናነሰ አደገኛ የሚሆነው እንደ ይፋት ባለ ምድር ነው፤ አርጎባውና አማራው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ውለው በአንድ ወንዝ ከብት የሚያጠጡበት አገር ነውና።

እንግዲህ መንገዱ ምን ይመሰክራል? በመጀመሪያ የተሠራው የቆላውን ማሽላ ወደ ደጋ ለማውጣት ሳይሆን ጦርና ስንቅ ለማመላለስ ነው። ዛሬ ሕዝብ ቢጠቀምበት ጥቅሙ የሕዝቡ ነው፤ ምስጋናው ግን ለሠሪው ሥርዓት አይደለም። የሞተ ሰው በኪሎ ሜትር አይካስም።

በሌላ በኩል ፋሺዝም የአንድ ሕዝብ ደም አይደለም። ማቴዮቲም ጣሊያናዊ ነበር፤ በኋላ በተራሮቹ ላይ ፋሺስቶችን የተዋጉት ፓርቲዛኖችም እንዲሁ። እዚህም አርበኛ እንደ ነበረ ሁሉ ባንዳም ነበረ። ስለዚህ መለያው ትውልድ ሳይሆን ምርጫ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃስ? የየካቲቱ ጭፍጨፋ የተፈጸመበት የዘመኑ ገዢ ማርሻል ግራዚያኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 በ19 ዓመት እስራት ቢቀጣም፣ የተቀጣው ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ እንጂ ለኢትዮጵያ ደም አልነበረም፤ በጥቂት ወራትም ተፈታ። በ1953 የፋሺዝም ወራሽ የነበረው የጣሊያን ሶሻል ንቅናቄ የክብር ፕሬዚዳንት ሆነ። ፋሺስት ፓርቲን ዳግም ማቋቋም በሚከለክል ሕገ መንግሥት ሥር ይህ ንቅናቄ ፓርላማ ገብቶ ተቀመጠ። በ2012 ደግሞ አፊሌ በተባለች ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመለት። የፍርድ ጉድለት ባለበት ዘንድ መዘንጋት ሐውልት ይሠራል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአገር ብሂል። ፋሺዝምን በቅጠል ማጥፋት የሚቻለው ጥቂት መቀመጫ በያዘበት፣ የመጀመሪያው ማኅበር በተቃጠለበት፣ የመጀመሪያው ጎረቤት «ከእኛ አይደለም» በተባለበት ሰዓት ነው። መምህሩ የሟቾችን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የፈራሚዎቹን እጅ ጭምር ቢያስተምር፣ ከያኒውም የጨፍጫፊውን ፊት ብቻ ሳይሆን የዝምተኛውንም ቢሥል፣ ትውልዱ ግፍን ገና በደጅ ሳለ ይለየዋል።