ያላወቀው ማን ነው?

የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ወዲህ፣ ጉባ ሲባል ለሁላችን የሚታየን ግድቡ ነው። ነገ መምህር ተብለን ወደዚያ ብንመደብስ?

ቤቱ ጉሙዝኛ ሲነገር ያደገ የአንደኛ ክፍል ሕፃን ጠይቀነው ዝም ቢል፣ ዝምታው የማን አለማወቅ ነው? ዜሮውን የሚያገኘው ግን ልጁ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ብሏል፤ እኛ እኮ የፒያዤን የዕድገት ደረጃዎች በቃላችን ስንወጣ፣ በጉሙዝኛ «ና፣ ተቀመጥ» ማለት አንችልም!

እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር ይልከው ነበር። መልካም ነበር እንላለን። የተላከው ግን ሊያስተምር ነው፤ የተማረው እግረ መንገዱን ነው።

ታዲያ ከማስተማር ልምምዱ በፊት አንድ ወር በኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ከልጆቹ ቋንቋ ብንማርስ? «ጊዜ የለም» የሚሉን አሉ። ሳይገባው ክፍል የሚደግመው ልጅ ዓመቱ ጊዜ አይደለም እንዴ? ስንኮላተፍ ልጆቹ ይስቁብናል። ይሳቁ እንጂ፤ እኛም በእነሱ አማርኛ ስንስቅ ኖረን የለ!